ያለ ትንፋሽ

ልብስ ሰፊዋን ያንገበገባት ከዝርዝሩ መቅረቷ ብቻ አልነበረም። መቅረቷን ፊት ለፊት ሊነግራት የደፈረ ወንድ መጥፋቱ ነው። በገዛ ሱቋ፣ በገዛ መቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ ስድስት ዓመት ሙሉ ጦር ሲያሰልፉ የኖሩ ሰዎች፣ ለውድድር የሚሄዱትን አራት ተጫዋቾች ጽፈው፣ ወረቀቱን ከካውያው በላይ ግድግዳው ላይ በራሷ ስፒል ሰክተው፣ "ይህ ደግሞ ምንድን ነው?" ብላ ስትጠይቅ አንዱ ጣሪያውን አየ፣ አንዱ ጫማውን አየ።

ፊደል እንዳልቆጠረች ያውቃሉ። ያላወቁት የራሷን ስም ለይታ እንደምታውቀው ነው። ከሱቁ በር በላይ በቀለም ተጽፎ አርባ ዓመት አይታዋለች፤ መልኩን እንደ ልጇ መልክ ታውቀዋለች። ወረቀቱ ላይ አራት መስመር ቆጠረች። አራቱም የሷን ስም አይመስሉም።

"ስሜ የታለ?" አለች።

ዝርዝሩን የጻፈው የእህቷ ልጅ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ግድግዳ ቦርቡሮ ሽቦ ሲያስገባ የማይፈራ፣ አክስቱ ፊት ሲቆም ግን ምላሱ የሚተሳሰርበት ሰው። "አክስቴ፣ እሱን እንኳ… ቆይ በኋላ እነግርሻለሁ" አለ።

"የምትነግረኝ ካለህ፣ ከመስቀልህ በፊት ነበር።"

ነገሩ የተጀመረው እንደ ዋዛ ነው። የእህቷ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር የጦር ጨዋታ ይጫወታል፤ ከትንሽ ጣት የማይበልጡ የፕላስቲክ ወታደሮች፣ ፈረሰኞች፣ መድፎች በጠረጴዛ ላይ ተሰልፈው፣ እርምጃቸው በሜትር እየተለካ፣ ዕጣቸው በዳይስ እየተጣለ የሚዋጉበት። የእሱ ቤት ጠባብ ስለሆነ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሱቁ ሲዘጋ፣ ጠረጴዛሽን አውሺን አላት። አዋሰች። መጀመሪያ ጥግ ተቀምጣ ጠርዝ እየቀመቀመች፣ ጢም ያወጡ ወንዶች አሻንጉሊት ሲገፉ እያየች ትስቅባቸው ነበር። ቀጥሎ ከሰማያዊ ገበር ወንዝ ቆርጣ ሰጠቻቸው። ቀጥሎ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የጥፍር ያህል ባንዲራ ሰፋች። አንድ ቅዳሜ አንዱ ቀረ፤ "እስቲ የሱን ጦር እኔ ልያዘው" አለች። ያን ቀን አሸነፈች። ከዚያ ወዲያ ጥግ ተመልሳ አልተቀመጠችም።

የሕጉን መጽሐፍ የእህቷ ልጅ ከዳር እስከ ዳር ሦስት ጊዜ አንብቦላታል፤ እሷ ትሰፋለች፣ እሱ ያነባል። አንባቢ የሚረሳውን ሰሚ አይረሳም። ማንበብ የሚችል ሰው "መጽሐፉ ውስጥ አለ" ብሎ ይዝናናል፤ የማይችል ግን ሁሉንም እዚያው ጭንቅላቱ ውስጥ ማኖር አለበት።

አንድ ሕግ ግን የመጽሐፉ አልነበረም፣ የሷ ነበር። "ትንፋሽ" ይሉታል። ልብስ በልክ ከተቆረጠ ሰውዬው ሲቀመጥ ይቀደዳል፤ ስለዚህ ልብስ ሰፊ ከልኩ ላይ ትንሽ ትንፋሽ ይተዋል። እዚያም ጠረጴዛ ላይ አንዱ ጦሩን አንቀሳቅሶ የጥፍር ስፋት ያህል ሳይደርስ ከቀረ፣ ባላጋራው "ትንፋሽ አለው" ይልና እንደደረሰ ይቆጠርለታል። ስድስት ዓመት በዚህ ኖሩ። ተጣልተው አያውቁም።

ከአራት ወር በፊት ቀያሹ መጣ። መሬት እየለካ ወሰን የሚያስቀምጥ፣ ቀጭን፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነው። የመጣ ዕለት ወገቡ ላይ ያለውን የብረት ሜትር መዝዞ፣ ሁለት ዙር ካየ በኋላ፣ "ይህ ትንፋሽ የምትሉት ነገር የትኛው ገጽ ላይ ነው ያለው?" ብሎ ጠየቀ።

"ገጹ ያውና፣ እዚያ ተቀምጧል" አለ ምላጭ፣ ልብስ ሰፊዋን በአገጩ እያሳየ። ምላጭ የሚሉት ፀጉር አስተካካዩን ነው፤ ሱቁ ከሷ ሱቅ አጠገብ ነው። ስሙ የወጣለት ለእጁ ይሁን ለምላሱ አይታወቅም።

ሁሉም ሳቁ። ቀያሹ አልሳቀም። እሷም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያን ዕለት ልቧ ቀያሹን ወደደው። ምላጭን ስታሸንፈው ይስቃል፤ ሲያሸንፍም ይስቃል። ሳቂታ ሰው ማሸነፍ ጨው እንደሌለው ወጥ ነው። ይህ ግን ሲሸነፍ ከንፈሩ ይገረጣል። "እሰይ፣ ሰው መጣ" ብላ ነበር በሆዷ። እንግዲህ ያ ሰው ነው ዛሬ ከዝርዝር ያስወጣት።

እሱ ግን እንደሌሎቹ ጣሪያ አላየም። "እትዬ፣ እኔ ነኝ ያልኩት" አለ። "ውድድሩ ላይ ክርክር ሲነሳ ዳኛ ይጠራል። ዳኛው ደግሞ ገጹን አሳዩኝ ይላል። ሰዓትም ይያዛል። እርስዎ ጨዋታዎ በጣም ጥሩ ነው። ለቤት።"

"ለቤት ማለት?"

"ለመዝናናት ማለቴ ነው።"

"እኔ በአርባ ዓመት ውስጥ ለመዝናናት ብዬ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም" አለች። "ማን ነገረህ እየተዝናናሁ እንደሆነ?"

ምላጭ ነገሩን ሊያበርድ ገባ። "ተዉት እትዬ፣ ለፕላስቲክ ፈረስ ደም ግፊትዎን አያስነሱ። ውድድሩ እኮ ራሱ ወንበሩ ቆርቁሮን፣ እግራችን አብጦ የምንመለስበት ነው።"

"አንተ የሰው ራስ ሲመለጥ ታያለህ፣ የራስህ አፍ ሲያመልጥ ግን አታይም። ዝም በል።" ወደ ቀያሹ ዞረች። "ዛሬ ከእኔ ጋር ትጫወታለህ። ያለ ትንፋሽ፣ በመጽሐፍህ። ካሸነፍኩህ በውድድሩ ያለህ ወንበር የኔ ነው። ካሸነፍከኝ ያንተን ወንበር ዳግም በአፌ አላነሳም።"

የእህቷ ልጅ "አክስቴ…" ብሎ ጀመረ። ቀያሹ ግን "እሺ" አለ፣ ሳይስቅ፣ ሳያቅማማ። የብረት ሜትሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

ጨርቁን አነሡ፣ መቀሱን አነሡ፣ አረንጓዴውን አነጠፉ። ወንዙ በመሀል፣ ድልድዩ በወንዙ ላይ፣ ኮረብታው በሷ በኩል። ስምንት ዙር ይጫወታሉ፤ ስምንተኛው ሲያልቅ ድልድዩ በእጁ ያለ አሸነፈ። ቀዩ ጦር የሷ፣ ሰማያዊው የሱ። የእህቷ ልጅ ዳኛ ሆነ፤ ላቡ ከወዲሁ ግንባሩ ላይ ወጥቷል። የመጽሐፉ ሕግ ደግሞ ጨካኝ ነው፤ መጀመሪያ "እነዚህ እዚህ ይደርሳሉ" ብለህ ትናገራለህ፣ ከዚያ ነው የሚለካው። ከለካህ በኋላ ሐሳብ መቀየር የለም። ባይደርስ፣ ጦርህ ጉልበቱ እስከፈቀደለት ሄዶ ሜዳ ላይ ራቁቱን ይቆማል።

ቀያሹ እግረኞቹን በወንዙ ዳር ጎን ለጎን አስጠግቶ ሰደደ፤ በመሀላቸው መርፌ አያስገባም። እያንዳንዷን እርምጃ ለካ፣ በትንሽ ደብተር ጻፈ። እሷ ጦረኞቿን ድልድዩ ላይ ተከለችና ፈረሰኞቿን ከኮረብታው ጀርባ ደበቀች። ሁለት ዙር ምንም ሳታደርጋቸው አለፈች። ምላጭ ጢሙን እያሻሸ "ፈረሶቹ ተኙ እንዴ?" አለ። ከዚያ በኋላ ግን መቀለዱን ቀነስ አደረገ፤ ቤቱ ውስጥ ያለው አየር እንደወትሮው እንዳልሆነ ገብቶታል።

በአራተኛው ዙር ፈረሰኞቿን ከኮረብታው ጫፍ አወረደች።

"ከኮረብታ የሚወርድ ፈረሰኛ ግማሽ እርምጃ ነው የሚሄደው" አለ ቀያሹ።

"ሲወጣ ነው ግማሽ። ሲወርድ ሙሉ ነው፤ እታች ደርሶ በዚያው ዙር መምታት ግን አይችልም። ስለዚህ አልመታም። ይወርዳል፣ ይቆማል።"

ቀያሹ መጽሐፉን አነሣ። ገለጠ። ወደ ኋላ ገለጠ። ወደ ፊት ገለጠ።

"ገጹን ስታገኘው ጥራኝ፤ እስከዚያ ቁልፍ ልትከል" አለች።

አገኘው። በጣቱ እየተከተለ ሁለቴ አነበበው። ጆሮው ቀላ። "እንዳሉት ነው" አለ፣ መጽሐፉንም ዘጋው። የእህቷ ልጅ ሰረቅ አድርጎ ፈገግ ሊል ሲል አክስቱ አየችውና ፈገግታውን ዋጠው።

ከዚያ በኋላ ቀያሹ ጨዋታውን ለወጠ። እስከዚያ ድረስ ለአሮጊት የሚጫወተውን ነበር የተጫወተው፤ አሁን ወንበሩን ወደ ፊት ሳበ። መድፎቹን አዞረ። በአምስተኛውና በስድስተኛው ዙር ድልድዩ ላይ የነበሩትን ጦረኞቿን እንደ ክር ከመርፌ አንድ በአንድ አወጣቸው፤ ከአሥራ ሁለቱ አራት ቀሩ። በሰባተኛው ሰማያዊዎቹ ድልድዩን ረገጡ። እሷ ፈረሰኞቿን ከኮረብታው ሥር አላነቃነቀችም። ጀርባዋ ያማታል፤ ከተቀመጠች ሦስት ሰዓት ሆኗታል። ግን ድልድዩ ላይ የወጡት ሰማያዊዎች ጎናቸውን ለኮረብታው እንደሰጡ አይታለች። እሱ ይህን አላየም፤ ወይም አይቶ አይደርሱም ብሎ አስቧል።

የሰባተኛው ዙር ተራዋ ደረሰ። ፈረሰኞቿ በአንድ ዙር ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ይሮጣሉ። ከፈረሶቹ አፍንጫ እስከ ሰማያዊዎቹ ጎን ድረስ ስንት ነው? አንገቷ ላይ የጨርቅ ሜትሯ ተንጠልጥሏል፤ መለካት ግን አይፈቀድም። በዓይኗ ብቻ ነው። ይህ ዓይን የሰው ትከሻ ከበር ሲገባ አይቶ ስንት ጨርቅ እንደሚበላ የሚያውቅ ዓይን ነው። አየች። አንዴ ጨፈነች፣ ደግማ አየች። ከደረሱ ከጎን ይመታሉ፤ ከጎን የተመታ እግረኛ ይበተናል፤ ድልድዩ የሷ ነው፣ ወንበሩም የሷ። ካልደረሱ አለቀላት።

"ይደርሳሉ" አለች። "ሠላሳ።"

ቀያሹ የብረት ሜትሩን ዘረጋ። ጫፉን ከፈረሶቹ መቆሚያ ላይ ገጠመ። ጎንበስ አለ። እሷም ጎንበስ አለች። የእህቷ ልጅም፣ ምላጭም። አራት ራስ በአንዲት ብረት ላይ ተደፋ።

ሠላሳው ላይ አንድ ወፍራም መስመር አለ። የሰማያዊዎቹ መቆሚያ ከዚያ መስመር አልፎ፣ ሁለት ቀጫጭን መስመሮች ቆጥሮ ነው የሚጀምረው። የሁለት ክር ውፍረት። ከዚያ አይበልጥም።

ማንም አልተነፈሰም።

"ትንፋሽ አለው" አለ ምላጭ፣ ከልማድ፣ ቀስ ብሎ።

የእህቷ ልጅ ጥፍሩን ይበላል። ዳኛ ነው፣ አፍ ግን የለውም። ቀያሹ ቀና አለ፤ ዓይኑ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨምድዶ በያዘው የልብስ ሰፊዋ እጅ ላይ አረፈ። ደም ሥሩ የተወጣጠረ፣ ጣቶቹ በመርፌ የጠነዙ እጅ ነው። ቀያሹ ሜትሩን ለቀቀው፤ ብረቱ ወደ ቤቱ እየተንሿሿ ገባ።

"ደርሰዋል" አለ። "ይምቱ፣ እትዬ።"

ውሸት ምን ይጠቅማል፣ ልቧ አንድ ጊዜ ዘለለ። ምላጭ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ፣ የእህቷ ልጅ የያዘውን ትንፋሽ ለቀቀ፣ ወንበሩ የሷ ሆነ። ፈረሶቹን ለመግፋት እጇን ዘረጋች። ከዚያ እጇ መንገድ ላይ ቆመ።

"ስንት ነበር ያነበብከው?"

"ደርሰዋል አልኩ እኮ።"

"ስንት ብዬ ነው የጠየቅሁህ።"

"እትዬ፣ ይሄን ያህል… የሁለት ክር ነገር ነው" አለ ቀያሹ። "እኔ ተቀብያለሁ።"

"እኔ የማላውቀው ፊደል ነው። ቁጥር አንተ ከመወለድህ በፊት ጀምሮ አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል።" ድምፅዋ አልጨመረም፤ እንዲያውም ቀነሰ፤ የእህቷ ልጅ ይህን ሲሰማ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። "አንድ ነገር ልጠይቅህ። እዚህ የተቀመጠው ምላጭ ቢሆን ደርሰዋል ትለው ነበር?"

ቀያሹ ወደ ሜትሩ አቀረቀረ። ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ሲዋሽ እንደዚህ ነው፤ ሁለተኛውን ውሸት ማግኘት ያቅተዋል።

"አልለውም" አለ።

"ታዲያ እኔ ምን በደልኩህ?"

የቀያሹ ፊት ግንባሩ ድረስ ቀላ። ምላጭ "እትዬ፣ ሰውዬው አክብሮዎት እኮ ነው…" ሲል፣ እሷ ዓይኗን ከቀያሹ ሳትነቅል፣ "ይህ አክብሮት ካልሲ ነው፤ እግር ስር ነው የሚለበሰው" አለች። "ሜትሩን ዘርጋ። በደንብ አንብብና ጮክ ብለህ ተናገር።"

ዘረጋ። ጎንበስ አለ።

"ሠላሳ ከሁለት መስመር። አልደረሱም።"

"አልደረሱም" አለች እሷም። ፈረሶቿን በገዛ እጇ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ወሰደቻቸው፤ ከሰማያዊዎቹ በሁለት ክር ርቀት ሜዳ ላይ አቆመቻቸው። ሰማያዊዎቹ እንትፍ ቢሉ ይደርስባቸዋል።

ቀያሹ መድፎቹን ወደ ፈረሶቹ አዞረና ዳይሱን አነሣ። ብዙ ጊዜ መዳፉ ውስጥ አቆየው። እሷ ታየዋለች፤ አሁን ደግሞ እጁን ቢያላላላት ታውቃለች። እሱም እንደምታውቀው ያውቃል። ጣለው። አምስት። ደግሞ ጣለው። ስድስት። ደግሞ ጣለው። አራት። ፈረሶቹን አንድም ሳያስቀር መታቸው። እሷ የወደቁትን ራሷ አንድ በአንድ እያነሣች የቁልፍ ቆርቆሮዋ ውስጥ ጨመረቻቸው። የስምንተኛውን ዙር ቀሪ ለወጉ ያህል ተጫወቱት። ድልድዩ ሰማያዊ ሆኖ አለቀ።

"አሸንፌያለሁ" አለ ቀያሹ። እጁን ዘረጋ።

ጨበጠችው። "በደንብ ተጫውተሃል። አንዲቷን ከመዋሸትህ በቀር። ወንበሩ ያንተ ነው።"

"በገጹ ነገር ተሳስቻለሁ" አለ። "ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።"

"እሱንማ አውቀዋለሁ።"

ወደ ካውያው ሄዳ ጀርባዋን አቀናች። ስታቃስት እንዳያዩአት ነው። የእህቷ ልጅ ወታደሮቹን መሰብሰብ ጀመረ፤ አክስቱን ቀና ብሎ ለማየት አልደፈረም። በዚህ መሀል ምላጭ ተነሣ።

"እኔ ልንገራችሁ፣ ይህ ነገር ፍትሕ የለውም" አለ። "ከእኔ ጋር ቢሆን ስድስት ዓመት ሙሉ እያሸነፉኝ ነው። የኔን ወንበር ይውሰዱ፣ እትዬ። እኔ እኮ ለሳቅ ነው የምሄደው። ሄጄም መጀመሪያ ዙር ላይ ነው የምሰናበተው፤ በዚያ ቀን የሦስት ሰው ራስ ብላጭ ይሻለኛል።"

የእህቷ ልጅ ፊቱ በራ። ከኪሱ ብዕር አወጣ። ወደ ወረቀቱ ሄደ። ቀያሹ "እኔ አልቃወምም" አለ። ሁሉም ቀለላቸው፤ ነገሩ ያለ ጠብ አለቀ ብለው።

"ብዕርህን መልስ" አለች።

የእህቷ ልጅ ክንዱ አየር ላይ እንዳለ ቀረ።

ልብስ ሰፊዋ መጥታ ምላጭ ፊት ቆመች። ደረቱ ድረስ ነው የምትደርሰው። "ትፈልገዋለህ አትፈልገውም?"

"ምኑን?"

"መሄዱን። አትቀልድብኝ።"

"እትዬ፣ እኔ እኮ…" ብሎ ሳቅ ጀመረ። ሳቁ ግን ግማሽ መንገድ ላይ አለቀበት። ወረቀቱን አየ። እጁን በሱሪው ጠረገ፣ ደረቅ ሆኖ ሳለ። "ወር ሙሉ ለደንበኞቼ ሳወራ ነው የከረምኩት" አለ። "ምላጭ በእጄ እያለ፣ ሰው አንገቱን ሰጥቶኝ እያለ፣ ስለ ፕላስቲክ ፈረስ ሳወራ። ሚስቴ ሸሚዝ ገዝታልኛለች።"

"ስለዚህ ትፈልገዋለህ።"

"እፈልገዋለሁ" አለ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከምላጭ አፍ ሲወጣ ሰምታ አታውቅም።

"ታዲያ የምትፈልገውን ነገር እንደ ቅዳጅ ጨርቅ የምትጥልልኝ ምን ሆኛለሁ ብለህ ነው? ያኛው በሁለት ክር ሊያሸንፈኝ አፈረ፤ አንተ ደግሞ ጭራሽ ሳትጫወት ልትሸነፍልኝ። ስድስት ዓመት ያሸነፍኩህ ሁሉ ዛሬ ነው የተበላሸብኝ፤ የትኛውን ለቀህልኝ የትኛውን አሸንፌህ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?"

ቀያሹ ሊለብስ ያነሣውን ኮት መልሶ ወንበሩ ላይ አኖረው።

ልብስ ሰፊዋ የቁልፍ ቆርቆሮዋን ከፈተች፤ ቀያዮቹን ፈረሶች አረንጓዴው ጨርቅ ላይ ዘረገፈቻቸው። ጀርባዋ እየነደደ ተቀመጠች፣ ሰማያዊዎቹንም በክንዷ ጠርጋ ወደ ምላጭ ገፋች።

"ቁጭ በል" አለችው። "ደርድር። ወንበርህን እንደ ሰው ተከላከልና ወይ ውሰደው ወይ ልውሰደው። እስከ ስምንተኛው ዙር ድረስ ጥርስህን እንዳላይ።"